ከ40 በኋላ የማታ ክፍል መግባት፦ ለቀረበው ትችት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ፣ ዕድሜያቸው 40 ካለፈ በኋላ በማታና በቅዳሜ እሁድ ፕሮግራም ዲግሪ የሚማሩ ሰዎች ጊዜያቸውንና ገንዘባቸውን እያባከኑ ነው ይላል። ጸሐፊው ለዚህ አቋማቸው ስድስት ምክንያቶች አቅርበዋል። የጎልማሳ አእምሮ አዲስ ትምህርት አይቀበልም፤ በሥራ ላይ የተገኘ ልምድ ይበቃል፤ ለትምህርቱ የሚወጣው ገንዘብ ጡረታ ከመድረሱ በፊት አይመለስም፣ ለልጆች ትምህርት ቢውል ይሻላል፣ ወንበሩም ለወጣቱ ይቅር፤ የማታ ትምህርት ጥራት እንደሌለው ተመራቂዎች የሚወስዱት የመውጫ ፈተና ውጤት መስክሯል፤ ወላጅ ማታ ማታ ከቤት ሲርቅ ልጆች ይጎዳሉ፤ በመጨረሻም «ለሁሉም ጊዜ አለው» እንደተባለው የትምህርት ጊዜ ወጣትነት ነው ብለዋል። ከዚህ ተነሥተው አሠሪዎች በዚህ መንገድ ለተገኘ ዲግሪ ዕውቅና እንዳይሰጡ ይመክራሉ።

ጽሑፉ በጨዋ አንደበት የተጻፈ ነው፤ አንዳንዱም ነገሩ እውነት ነው። በዝምታ ላልፈው ያልቻልኩትም ስለዚሁ ነው። እኔ የ42 ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናት፣ በአንድ የግል አስመጪ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛና በአካውንቲንግ የሦስተኛ ዓመት የማታ ተማሪ ነኝ። ስለዚህ ምላሼ ከውስጥ የመጣ ነው፤ ያየሁትንና የማውቀውን ብቻ እጽፋለሁ።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት ጸሐፊው ያላነሡትን አንድ ጥያቄ ማንሣት ይገባኛል። እነዚህ ሰዎች በጊዜው ያልተማሩት ለምንድን ነው? ጽሑፉ ሲነበብ፣ የማታ ተማሪ ሁሉ በወጣትነቱ ተኝቶ ከርሞ አሁን የነቃ ይመስላል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ ተብለው የሚጠሩት አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ፤ ጅማ፣ መቀሌና ባሕር ዳር በዩኒቨርሲቲነት የቆሙት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። በሩ ጠባብ ስለነበር ከደጅ የቀረው ይበዛል። ከዚያ ቀጥሎ የመጣነው ደግሞ በ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና የተለየን ትውልድ ነን። እኔ ፈተናውን የወሰድኩት በ1994 ዓ.ም. ሲሆን፣ ውጤቴ ለመሰናዶ ትምህርት ስላልበቃ ወደ ቴክኒክና ሙያ ተመደብኩ፤ 10+2፣ ማለትም ከ10ኛ ክፍል በኋላ ሁለት ዓመት፣ ተምሬ በሰርተፊኬት ሥራ ያዝኩ። በ10ኛ ክፍል፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ የቀረው ሕይወታችን መንገድ ተቆረጠ። ያ ፈተና ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቀርቷል፤ ፈተናው ይቅር ሲባል ግን እኛን ወደ ኋላ ተመልሶ የጠራን አልነበረም። ብዙዎቻችን ለዲግሪ የበቃነው ከዓመታት በኋላ የብቃት ማረጋገጫውን፣ ሰው ሲኦሲ የሚለውን ፈተና፣ አልፈን ነው። ይህን ያህል ዙሪያ ጥምጥም የሄደን ሰው «እንዴት ደረስክ?» እንጂ «ለምን ዘገየህ?» ብሎ መጠየቅ ይከብዳል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልምጣ። የጎልማሳ አእምሮ አይቀበልም የሚለው አነጋገር ግማሽ እውነት ነው። ዕድሜ ሲገፋ የማሰብ ፍጥነት ይቀንሳል፤ አዲስ ስምና አዲስ ቀመር በአንድ ንባብ አይያዝም። ይህን ከራሴ አውቃለሁ፤ ከጎኔ የሚቀመጠው የ22 ዓመት ወጣት አንዴ አንብቦ የሚይዘውን እኔ ሦስት ጊዜ እጽፈዋለሁ። ነገር ግን የቃላት ሀብት፣ የተጠራቀመ ዕውቀትና ነገርን ከነገር አገናኝቶ የመረዳት ችሎታ በዚያው ልክ አይወርዱም። በአሜሪካ ሲያትል ከተማ ዋርነር ሻይ የተባሉ ተመራማሪ በ1956 እ.ኤ.አ. የጀመሩትና ያንኑ ሰው በየ7 ዓመቱ እየፈተነ ለአሥርት ዓመታት የዘለቀው ጥናት፣ አብዛኛው ሰው በአብዛኞቹ የአእምሮ ችሎታዎች ጎልቶ የሚታይ ማሽቆልቆል የሚያሳየው ከ60 ዓመት በኋላ መሆኑን አሳይቷል። በ40 ዓመቱ አእምሮ ተዘጋ ያለው ማን እንደሆነ ጸሐፊው አልነገሩንም።

ከጥናቱ ይልቅ የማስታውሰው ግን አንድ ምሽት ነው። መምህራችን ከብዙዎቻችን ያነሰ ወጣት ሲሆን፣ የዕቃ ክምችት አያያዝን እያስተማረ «መጀመሪያ የገባ መጀመሪያ ይወጣል» የሚለውን ስሌት በሰሌዳ ላይ ሠራልን። በቁጥር ገባን፤ ለምን እንደሚያስፈልግ ግን ብዙዎቹ ወጣቶች አልገባቸውም ነበር። ከፊት ወንበር የምትቀመጥ፣ በአንድ የጤና ተቋም ግምጃ ቤት ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ የሠራች፣ 53 ዓመቷ የሆነ የክፍላችን ተማሪ እጇን አነሣች። መምህሩ «እትዬ፣ ይቀጥሉ» አላት። ተነሥታ፣ መድኃኒት በዕቃ መቀበያው ቅጽ፣ በሞዴል 19፣ ሲገባ አሮጌውን ካርቶን ወደ ፊት ስባ አዲሱን ከኋላ እንደምትደረድር፣ በወጪ ማድረጊያው ቅጽ፣ በሞዴል 22፣ ስታወጣም ቀኑ የቀረበውን አስቀድማ እንደምትሰጥ፣ ይህን ሳታደርግ በቀረችበት በአንድ ወቅት አንድ ሙሉ መደርደሪያ ሽሮፕ ጊዜው አልፎበት በኮሚቴ ፊት እንደተወገደ ነገረችን። በእጇ አየሩ ላይ ካርቶን ስትስብና ስትገፋ እስካሁን ይታየኛል። መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ አዳመጣት። ከዚያ በኋላ ያን ስሌት የተሳሳተ ተማሪ በክፍላችን አላየሁም። እሷ ደግሞ በበኩሏ፣ ለዓመታት በእጇ ስትሠራው የኖረችው ነገር በሒሳብ መግለጫው ላይ ትርፍን ከፍና ዝቅ እንደሚያደርግ ያወቀችው በዚያው ምሽት ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ የማይቀበል አእምሮ የቱ እንደነበር ጸሐፊውን እጠይቃለሁ።

ይህ ራሱ ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ልምድ ይበቃል ወደሚለው፣ ይወስደኛል። ልምድ ብዙ ነገር ያስተምራል፤ ምክንያቱን ግን ሁልጊዜ አይነግርም። እኔ ትምህርት እስክጀምር ድረስ ለ19 ዓመት፣ ንብረት እያረጀ ሲሄድ ዋጋው የሚቀነስበትን፣ የእርጅና ቅናሽ የሚባለውን ዓምድ ስሞላ ኖሬአለሁ። ከእኔ በፊት የነበሩት እንዳሳዩኝ በታክስ ሕጉ የተቀመጠውን መቶኛ አባዝቼ እጽፋለሁ፤ ኦዲተሮች መጥተው ሌላ ቁጥር ሲያወጡ ግን የእነሱ ለምን ከእኔ እንደሚለይ አይገባኝም ነበር፤ ስህተቴ እየመሰለኝ አፍር ነበር። ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ መሠረት አንድ ንብረት የሚያረጀው ድርጅቱ ይጠቀምበታል ተብሎ በሚገመተው ዘመን ልክ መሆኑን፣ የታክስ ሕጉ ግን ለየንብረቱ ዓይነት ለሁሉም ድርጅት አንድ ወጥ መጠን እንደሚያስቀምጥ፣ ስለዚህም ሁለቱ ቁጥሮች መለያየታቸው ስህተት ሳይሆን ሥርዓት መሆኑን ተማርኩ። ያን ዕለት ማታ ቤቴ ገብቼ የድርጅታችንን መኪና ዕድሜ ገምቼ በሁለቱም መንገድ ሠራሁት፤ ልዩነቱ ከነምክንያቱ ወጣልኝ። ደስታዬን ለመግለጽ ቃል የለኝም።

ልምድ የሚያረጅበት ጊዜ መኖሩንም ጸሐፊው ዘንግተውታል። በ2006 ዓ.ም. የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847 ሲወጣ፣ በአሮጌው አሠራር 20 እና 30 ዓመት የሠሩ የሒሳብ ባለሙያዎች ሁሉ እንደ አዲስ ተማሪ ሆኑ። ልምዳቸው በራሱ ወደ አዲሱ፣ ወደ ዓለም አቀፉ ደረጃ አላሻገራቸውም፤ መማር ነበረባቸው።

አንድ የግል ነገር ልጨምር። የምሠራበት ድርጅት ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዋና ሒሳብ ሹምነት ቦታ ሲያወጣ፣ መስፈርቱ ዲግሪ ስለነበር፣ ቦታውን የያዘው እኔ ራሴ ለስድስት ወር ያለማመድኩት ወጣት ሆነ። ልጁን አልከሰውም፤ ጎበዝና ትሑት ነው፣ እስካሁን «እቴቴ» እያለ ይጠራኛል። ነገር ግን «ልምድ ይበቃል» የሚለውን ምክር ጸሐፊው መናገር ያለባቸው ለእኛ ሳይሆን የቅጥር ማስታወቂያ ለሚያዘጋጁት ነው። ማስታወቂያው ዲግሪ እየጠየቀ፣ ሠራተኛው ዲግሪ አትማር ከተባለ፣ ምክሩ ባለህበት ቅር ከማለት አይለይም።

ሦስተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ሒሳብ ሠርተዋል፤ እኔም ልሥራ። በ40 ዓመቴ ጀምሬ በ45 ብመረቅ፣ የጡረታ ዕድሜ 60 ስለሆነ ገና 15 ዓመት ይቀረኛል። ይህ አጭር ዘመን አይደለም፤ እስካሁን ከሠራሁበት ዘመን ግማሽ ይበልጣል። ሌላም ያላነሡት ነገር አለ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በቀኑ ፕሮግራም የሚማር ተማሪ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በወጪ መጋራት ሥርዓት ይማራል፤ የሚደርስበትን ድርሻ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፍላል። የማታ ተማሪ ግን መዝጋቢው ፊት ቆሞ፣ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ከኪሱ ይከፍላል። መንግሥት ያበደረው ሳንቲም የለም። ስለዚህ «ሀብት ይባክናል» ከተባለ የማን ሀብት ነው? የገዛ ላቡን ነው። የወጣቱን ወንበር ይሻማል የሚለውንም በዚሁ ልለፈው፤ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በቀኑ ፕሮግራም ወጣቶች የሚመደቡት በአብዛኛው በ12ኛ ክፍል ውጤት በትምህርት ሚኒስቴር በኩል ሲሆን፣ ማታ የምንቀመጥባቸው ወንበሮች እኛ ባንመጣ ኖሮ ባዶ የሚያድሩ ናቸው።

አራተኛው ነጥብ ከሁሉም የከበደና ከሁሉም በላይ ልንነጋገርበት የሚገባ ነው። ጸሐፊው በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ የተሰጠውን የመውጫ ፈተና ጠቅሰዋል። አኃዙ ትክክል ነው። ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 61,054 ሲሆኑ፣ ከመንግሥት ተቋማት 62.37 በመቶ፣ ከግል ተቋማት ደግሞ 17.2 በመቶ ብቻ አልፈዋል። ከግል ተቋማት 72,203 ሰው ተፈትኖ 12,422 ብቻ ማለፉ ሊያስደነግጥ ይገባል፤ እኔንም አስደንግጦኛል።

ይህ አኃዝ ግን የሚናገረው ስለ ተቋማት እንጂ ስለ ዕድሜ አይደለም። በግል ኮሌጆች በቀኑ ፕሮግራም የሚማሩ፣ ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ የመጡ እጅግ ብዙ ወጣቶች አሉ፤ በዚያ 17.2 በመቶ ውስጥ ሁሉም አንድ ላይ ተቆጥረዋል። ዝቅተኛ ውጤት የጎልማሳነት ምልክት ቢሆን ኖሮ፣ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ወጣቶች 50 በመቶ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ የሆኑበትን ምክንያት ምን እንለዋለን? እነዚያ ልጆች በአብዛኛው 20 ዓመት እንኳ ያልሞላቸው ነበሩ። ሁለቱም ውጤቶች የሚያሳዩት አንድ ነገር ነው፤ የምናስተምርበት መንገድ ታሟል።

የማታው ሕመም ምን እንደሚመስል ከጸሐፊው ይልቅ እኔ በቅርብ ስለማውቀው ልናገር። ለሦስት ሰዓት የተመደበ ክፍለ ጊዜ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ተኩል አያልፍም፤ መምህሩ ከሌላ ተቋም እየሮጠ ስለሚመጣ ዘግይቶ ይገባል፣ እኛም የመጨረሻው ታክሲ እንዳያመልጠን ቶሎ እንድንለቀቅ እንለምናለን። አንድ ኮርስ ሙሉውን ከ40 ገጽ ሃንድአውት ተምረን ያለፍንበት ጊዜ አለ። መብራት ሲጠፋ በስልክ ብርሃን የተማርንባቸው ምሽቶች ብዙ ናቸው። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን አሳይመንት በክፍያ የሚሠሩ የኮምፒውተር ቤቶች በየኮሌጁ ደጃፍ መኖራቸው ነው። ከእኛው መካከል ደክሞት ወደዚያ የሚሄድ እንዳለ አልክድም፤ ያ ሰው ራሱን እየጎዳ መሆኑን ፊት ለፊት ነግሬው አውቃለሁ። በዚህ ሁሉ ላይ ጸሐፊው ቢቆጡ አብሬ እቆጣለሁ።

መደምደሚያቸው ግን ከዚህ አይመነጭም። ከፍሎ የገባ ሰው የተከፈለበትን ካላገኘ፣ ጥፋቱ የከፋዩ ነው ተብሎ አያውቅም፤ ወተት ውኃ ተቀላቅሎበት የሸጠውን ትቶ የገዛውን የሚወቅስ የለም። ደግሞም የመውጫ ፈተናው ማታም ቀንም ለተማረ አንድ ዓይነት ነው። ፈተናው በኮምፒውተር ስለሚሰጥ፣ ያቺ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ከአሁኑ ማውስ መያዝ እየተለማመደች ነው፤ በሠፈሯ ባለ ኢንተርኔት ቤት ቅዳሜ ከሰዓት ተቀምጣ ትክክለኛው ፊደል ላይ ክሊክ ማድረግን ስትሞክር አግኝቻታለሁ። ያን ፈተና ካለፈች፣ አሠሪዎች ዲግሪዋን አይቀበሉ የሚለው የጸሐፊው ምክር በምን ላይ ይቆማል? መመዘኛው አንድ ከሆነ ያለፈው አልፏል።

አምስተኛው የቤተሰብ ጉዳይ ነው። በዚህ ላይ ለማስተባበል አልፈልግም፤ ዋጋ እንከፍላለን፣ ልጆቻችንም ይከፍላሉ። ማታ 3:00 ሰዓት ስገባ ታናሹን ልጄን ተኝቶ የማገኝበት ቀን በሳምንት አራት ነው። ባለቤቴ ራት የሚያሞቅበት፣ ልጆች ጥርሳቸውን እንዲቦርሹ የሚቆጣበት ቤት ባይሆን ኖሮ አልዘልቀውም ነበር፤ ይህን የሚሸከም ሰው ቤቷ የሌላት ሴት እንዴት ይከብዳት ይሆን እያልኩ ሁልጊዜ አስባለሁ። ልጇ ታሞባት በመንፈቅ ዓመቱ መካከል ያቋረጠች፣ የከፈለችውም ያልተመለሰላት የክፍል ጓደኛ ነበረችን። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

ሆኖም ጸሐፊው ያላዩት ሌላ ገጽ አለ። 7ኛ ክፍል የደረሰችው ልጄ እሁድ ከሰዓት ከእኔ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ታጠናለች። አንድ ቀን የመቶኛ ስሌት አስቸግሯት ሳለ የእኔን ደብተር አየች፤ በቀይ የተሠረዘ፣ ከ20 ያገኘሁት 9 ነበር። «እማዬ፣ አንቺም ትሳሳቻለሽ?» አለችኝ። አዎ አልኳትና ስህተቴን አብረን ፈልገን አገኘነው። ከዚያ ወዲህ ያነሰ ውጤት አምጥታ ወረቀቷን ቦርሳዋ ውስጥ አትደብቅም። ገንዘቡን ለልጆችዎ ትምህርት ያውሉት የሚሉት ጸሐፊ፣ ይህን የሚያስተምር ትምህርት ቤት በምን ያህል ክፍያ እንደሚገኝ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የቤተሰቡ ጫና የሚቃለልበት መንገድም አለ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515፣ ለሐዘንና ለጋብቻ እንደሚሰጠው ሁሉ ለፈተናም የግል ጉዳይ ፈቃድ እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። ሕግ አውጪው የሚፈተን ሠራተኛ እንደሚኖር ቆጥሮታል ማለት ነው። ስንት የግል ድርጅት ይህን ለሠራተኛው በፈቃደኝነት ያደርጋል? የእኔ አለቆች በፈተና ሰሞን ከዓመት ፈቃዴ ላይ ቆርጠው ነው የሚፈቅዱልኝ።

ስድስተኛው፣ «ለሁሉም ጊዜ አለው» የሚለው ቃል ነው። ቃሉን አከብራለሁ፤ ከዚህ ጋር መያያዙ ግን አልተዋጠልኝም። ትምህርትን ከልጅነት ጋር አጥብቆ ያሰረው አስኳላው ነው እንጂ የአገራችን ነባር ትምህርት አይደለም። የቤተ ክርስቲያን የአብነት ተማሪ ከንባብ ቤት ተነሥቶ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት እያለ ሲዘልቅ ዕድሜውን የጠየቀው የለም። ለቅኔ ዋሸራ፣ ለድጓ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ እየተባለ አገር ለአገር ሲኳትን ጢሙ ይሸብታል። ራሱ ቅኔ ሲያስተምር የኖረ መሪጌታ ጉባኤውን ትቶ፣ ትርጓሜ ለመማር ከሌላ መምህር እግር ሥር ሲቀመጥ ክብር እንጂ ነውር ሆኖ አያውቅም። በወሎም ዳናን በመሰሉ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ደረሳው፣ ማለትም ተማሪው፣ ከሸኹ ፊት ኪታብ ዘርግቶ የሚቀራው በልጅነት ብቻ አልነበረም። የእነዚህን ቤቶች ልማድ የሚያውቅ ሰው፣ የ53 ዓመት ሴት ደብተር ይዛ ስትሄድ አይቶ ጊዜዋ አልፏል ለማለት አይቸኩልም።

ጸሐፊው በመጨረሻ ያቀረቡትን፣ አሠሪዎች ዕውቅና ይንፈጉ የሚለውን ምክር በሌላ እንዲተኩት እጠይቃለሁ። የመውጫ ፈተናው ውጤት በየተቋሙ ሲገለጽ የማታና የቀን ፕሮግራም ተለይቶ ይውጣ፤ ያን ጊዜ ማን ምን እንደሚያስተምር ገንዘባችንን ከመክፈላችን በፊት እናውቃለን። ለሦስት ሰዓት የከፈልንበት ክፍል ሦስት ሰዓት ይሁን። ታሞ ወይም ልጁ ታሞበት ያቋረጠ ሰው የከፈለው ለቀጣዩ መንፈቅ ዓመት ይያዝለት። የምማርበት ተቋም ቤተ መጻሕፍት የሚዘጋው ከምሽቱ 12:00 ሰዓት ነው፤ የእኛም ክፍል የሚጀምረው 12:00 ሰዓት ነው። ሦስት ዓመት ሲሆነኝ አንድም መጽሐፍ ከዚያ ተውሼ አላውቅም። ጸሐፊው ብዕራቸውን በዚህ በር ላይ ቢያነሡት፣ ከእሳቸው ጎን ሆኜ ለመጻፍ ዝግጁ ነኝ።